ከግድግዳዬ ማዶ የሚዘለው ሰው

የቢያድግልኝን ሞት የነገረኝ የባጃጅ ሾፌር ነው። ከመናኸሪያ ወደ ቤቴ ስንወጣ ዓይኑን በመስታወቱ አየሁት፤ ቀልቷል። «አልሰሙም እንዴ ቲቸር?» አለኝ። «ጋሼ ቢያድግ አረፉ። ለዚያ ደረታቸው ወንዛዬ ፍል ውኃ ወርደው ነበር፤ እዚያው ነው አሉ።» ከዚያ ባጃጁን ጥግ አስይዞ ፊቱን በእጅጌው ጠረገ።

ልጁን አውቀዋለሁ። አንደኛ ክፍል ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እርሳስ አያያዝ ያሳየሁት እኔ፣ ሱሪው ላይ የሸና ቀን በነጠላዬ ሸፍኜ ቤቱ ያደረስኩት እኔ። ሰው በሞተበት ሰዓት እንዲህ ያለ ነገር ማንሳት ነውር እንደሆነ አላጣሁትም፤ ግን አፌ ቀደመኝ።

«አንተ እኮ የኔ ተማሪ ነህ፤ ሀ ክፍል ነበርክ» አልኩት።

«የእርስዎ ነኝ እንጂ» አለ ሞተሩን እያስነሳ። «ግን በግድግዳው በኩል እሰማቸው ነበር።»

እንግዲህ እውነቱን ልናገር። ለቢያድግልኝ ከማልቀሴ በፊት ቀናሁበት። አሥራ አራት ዓመት ስቀናበት ኖሬ፣ ሞቶም አላሳረፈኝም።

እሱ ሲመጣ እኔ ደብረ ታቦር ላይ አንደኛ ክፍል ሳስተምር አሥራ ስድስት ዓመት ሞልቶኝ ነበር። ምዝገባ ሲደርስ ወላጅ «ይታይሽ ዘንድ ይግባልኝ» እያለ ርዕሰ መምህሩን ይለማመጣል፤ አማላጅ ይዞ የሚመጣም ነበር። ዘዴዬ አንድ ነው፤ ፊደል ገበታ፣ ቀጭን ዘንግ እና ድምፄ። እኔ እላለሁ፣ ልጆቹ ይላሉ፣ እስኪይዙት ድረስ ይላሉ። አባቴ እንዲህ ተማረ፣ እኔም እንዲህ ተማርኩ፣ ማናችንም ደንቆሮ አልሆንንም።

ቢያድግልኝ ከወንዛዬ ወዲያ ካለ የገጠር ትምህርት ቤት ተዛውሮ ነው የመጣው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ቡናማ ኮት ላይ ሁልጊዜ ከረባት የሚያስር፣ ወሬውን በሳል እያቋረጠ የሚያወራ ሰው። ርዕሰ መምህሩ ሰባተኛና ስምንተኛን ሊሰጠው አዘጋጅቶ ሳለ «አንደኛ ክፍል ካለ» አለ። ወንድ ልጅ አንደኛ ክፍልን ጠይቆ ሲወስድ ያየሁት እሱን ብቻ ነው። የመምህራን ማረፊያ ውስጥ «ሞግዚቱ» የሚል ስም ወጣለት። እሱም ሰምቶ፣ «እናቶቻቸው ካመኑኝ ሞግዚትነት ምን ከፋኝ?» አለና ሻዩን ጠጣ። ለ ክፍልን ሰጡት። ከኔ ክፍል የሚለየው አንድ ስስ የጣውላ ግድግዳ ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ጠዋት፣ በቆርቆሮ አመድ ይዞ የግቢውን መሬት ሲያሰምር አገኘሁት። ሰባት ሰፋፊ ሳጥኖች፣ አንዱ ከአንዱ ቀጥሎ፤ በየሳጥኑ ውስጥ አንድ ፊደል፣ ከሀ እስከ ሆ።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«መንገድ እየጠረግሁ ነው እታለም።»

እታለም ይለኝ ነበር፣ ታላቅ እህቱ እንደሆንኩ ሁሉ። አንቱታውንም አንድ ቀን አጓድሎብኝ አያውቅም። ይኸም ያናድደኝ ነበር። ሰውን አጥብቆ ለመጥላት ትንሽ ብልግና ቢጤ ካላገኙበት ይቸግራል።

ልጆቹን አሥር አሥር አድርጎ ጎን ለጎን አሰለፋቸውና አብሯቸው መዝለል ጀመረ። ግጥሙም ዜማውም የራሱ ነው።

ሀ ብለን ጀመርን፣
ሁ ብለን ዘለልን፣
ሂ ብለን ሄድን፣
ሃ ብለን ሳቅን፣
ሄ ብለን ተጣራን፣
ህ ብለን ተነፈስን፣
ሆ ብለን ተሰብስበን ከቤታችን ገባን።

ሃ ላይ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ሄ ላይ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ከማዶ ያለን ሰው እንደሚጠራ ገበሬ ይጣራሉ። ህ ላይ ሲደርሱ ቢያድግልኝ ቁጭ ብሎ ይተነፍሳል፤ ልጆቹም ቁጭ ይላሉ። ከዚያ «ሆ» ብለው ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነሥተው ይወጣሉ። ያን መቀመጥ ለደረቱ ብሎ ያስገባው መሰለኝ። ጨዋታ ውስጥ እንኳ ለራሱ ማረፊያ ሠራ ብዬ በልቤ ስቄበታለሁ።

ሳምንት ሳይሞላ የተማሪዎቼ እግር ከዳኝ። አፋቸው እኔን ተከትሎ ሀሁ ይላል፤ እግራቸው ግን ከዴስኩ ሥር የግድግዳውን ማዶ ምት ይመታል። ዘንጌን ዴስኩ ላይ ሳሳርፍ ይቆማል። ወደ ሰሌዳው ዞር ስል ይጀምራል። አንዱን ልጅ «እግርህን አደብ አስገዛ» ብለው፣ አቀርቅሮ እግሩን አየና «እምቢ አለኝ ቲቸር» አለኝ። ያ ልጅ ነው ዛሬ ባጃጅ የሚነዳው።

የሠራሁትን ካወራሁ አይቀር ይኸንንም ላውራ። በዚያ ዓመት ቢያድግልኝ ዘንድ የአንድ መሪጌታ ልጅ ይማር ነበር። መሪጌታውን በር ላይ አገኘኋቸውና እጅ ነሥቼ፣ እንደ ዋዛ፣ «አዲሱ መምህር ፊደል መሬት ላይ ጽፎ በጫማ ያስረግጣል፤ እንዴት ያዩታል አባቴ?» አልኳቸው። ፊታቸው ልውጥ አለ። የዳዊቱም የወንጌሉም መግቢያ ፊደል አይደል? መቋሚያቸውን ይዘው ቀጥ ብለው ወደ አመዱ ሄዱ። እኔ ከክፍሌ መስኮት ሆኜ ጉዱን ልይ ብዬ ቆምኩ።

ቢያድግልኝ ሲያያቸው ዜማውን አቁሞ እጅ ነሣ።

«ምንድን ነው ይኼ ልጄ?» አሉት።

«ፊደል ነው አባቴ።»

«በእግር?»

«ልጅ መጀመሪያ የሚሰማ በእግሩ ነው አባቴ። አንቱስ ማኅሌት ቆመው ሲያሸበሽቡ በእግርዎ አይደል?»

መሪጌታው መቋሚያቸውን ተደገፉ። ልጃቸው ሂ ላይ እንደቆመ በፍርሃት ያያቸዋል። አመዱን አዩ፣ የልጆቹን እግር አዩ፣ የቢያድግልኝን እግር አዩ።

«ታዲያ ማኅሌት በጫማ ይገባል?» አሉ በመጨረሻ። «ጫማህን አውልቅ።»

ቢያድግልኝ ወዲያው ጎንበስ ብሎ ፈታ። ልጆቹም እየተሽቀዳደሙ ፈቱ። መሪጌታው እስከ ሆ ድረስ ቆመው አዩ፤ ሁ ላይ ሲደርሱ መቋሚያቸው መሬቱን ዱብ ሲያደርግ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለ ክፍል ፊደል ላይ በባዶ እግሩ ብቻ ሆነ የሚወጣው፤ ያውም በደብረ ታቦር ብርድ። ወላጁ ይህን ሲሰማ «ፊደል አክባሪ መምህር» አለው። ላሰናክለው ያልኩበት ነገር ስሙን አስጠራለት።

በሚቀጥለው ዓመት ምዝገባ አንዲት ነጋዴ ሴት ልጇን ይዛ መጥታ፣ ሌላ ሰው የጠፋ ይመስል፣ «የሚዘለልበት ክፍል የትኛው ነው?» ብላ እኔን ጠየቀችኝ። በጣቴ አሳየኋት።

ቅዳሜ ቅዳሜ መናኸሪያው አጠገብ ያለ ኢንተርኔት ቤት ገብቶ ይቀመጣል። ጎረምሶቹ ግራና ቀኙ ኳስና ፊልም ያወርዳሉ። እሱ ከረባቱን እንዳሰረ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ፣ የፈረንጅ ሕፃናት ሲዘፍኑ እያየ አንገቱን ይወዘውዛል። በደብተሩ ይጽፋል፣ ይስላል፣ ይሰርዛል። ከበሩ ላይ አይቼው ሳልፍ ሰው ሁሉ የሚስቅበት ይመስለኝ ነበር፤ ማንም ሲስቅ ግን አይቼ አላውቅም።

ያየውን እንዳለ አያመጣውም። «የነሱ ልጆች የሚዘፍኑለት አውሬ እዚህ የለም እታለም» አለኝ አንድ ሰኞ። «ስለዚህ በሱ ፋንታ የጉናን ጭላዳ ዝንጀሮ አስገባሁበት።» አሥር ልጆች ጭላዳ ሆነው ገብስ ማሳ ይገባሉ። አንዱ ልጅ ጠባቂ ሆኖ አንድ በአንድ ያባርራቸዋል። የቀሩት «ስንት ቀረን?» ብለው እየዘፈኑ ይጠይቃሉ፤ ክፍሉ በሙሉ ቆጥሮ ይመልሳል። መቀነስን በዚህ አስተማራቸው። የኔዎቹ ገና በጣታቸው መደመር ላይ ነበሩ።

ይኸው ልናዘዝ፤ እኔም ሄጃለሁ። እሱ በሌለበት ቀን ነጠላዬን ተከናንቤ ኢንተርኔት ቤቱ ገባሁና እዚያ ለሚሠራው ልጅ «ለሕፃናት የሚሆን አውርድልኝ» አልኩት። ብዙ አወረደልኝ። ሰኞ ስልኬን ከፍ አድርጌ ያዝኩላቸው፤ ስድሳ ልጅ በአንዲት መዳፍ በምታህል ስልክ ላይ ተረባረበ። ቀለም የተቀባ ጥንቸል ይዘላል፣ ልጆቹ ዝም ብለው ያያሉ። ሲያልቅ አንዲቱ፣ «ጭላዳውስ የታለ ቲቸር?» አለችኝ።

ከሁሉ የባሰችው ልጄ ናት። መምህር የገዛ ልጁን አያስተምርም የሚል ልማድ ስለነበረን ማስተዋል እሱ ዘንድ ገባች። ሁለት ሳምንት ሳይሞላት ከሥራ ስመለስ አሻንጉሊቶቿን አሰልፋ፣ የአባቷን ከረባት አንገቷ ላይ ጠምጥማ፣ እየሳለች ታስተምራለች። ሳሉን እንኳ አልተወችም።

«እኔስ የታለሁ?» አልኳት።

«አንቺ እዚያ ነሽ» ብላ ጥግ ያቆመቻትን አሻንጉሊት አሳየችኝ። እጇ ላይ የክብሪት እንጨት ሰክታላታለች።

ይህን ለሰው ሳወራ እስቃለሁ። ለብቻዬ ስሆን ግን አንድም ቀን ስቄበት አላውቅም። ባል ቢወሰድብኝ ይህን ያህል የምቀና አይመስለኝም።

ከዚያ ያ በሽታ መጣና ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ልጆቹ ቤት ቀሩ፤ ያወቁትንም እንዳይረሱ ለአንደኛ ክፍል ትምህርት በቪዲዮ ተቀርጾ ለወላጆች በስልክ እንዲላክ ተባለ። ርዕሰ መምህሩ እኔን ጠራኝ። «ቢያድግልኝን እንዳልመርጥ ይስላል» አለኝ። «በዚህ ሰዓት የሚያስል ሰው ማን ያያል? ድምፅም ያለሽ አንቺ ነሽ።» በሰው ሳል መደሰት ኃጢአት ከሆነ በዚያን ቀን ሠርቻለሁ።

ቤቴ ስገባ ግን ጨነቀኝ። ካሜራ ፊት ቆሜ በዘንግ ፊደል ባሳይ የትኛው ልጅ ያየኛል? ሁለት ቀን ዜማ ላወጣ ታገልኩ፤ ከአፌ የሚወጣው ሁሉ የሱ እየሆነ አስቸገረኝ።

በሦስተኛው ቀን የግቢዬ በር ተንኳኳ። ወጥቼ ሳይ ቢያድግልኝ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ከመንገዱ ወዲያ ቆሟል። «አልገባም እታለም፤ ሳሌን ያውቁታል» አለኝ። ደብተሩን በሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ነበር ወደ ኋላ የሸሸው። ከዚያ፣ ሰው በሌለበት መንገድ ላይ፣ ጫማውን አውልቆ ከሀ እስከ ሆ ዘለለልኝ። ህ ላይ ቁጭ አለ። ብዙ ቆየ፤ ደረቱ ሲያፏጭ ከበሩ ድረስ ይሰማኛል። ሲጨርስ ጫማውን አሰረና፣ «ይውሰዱት። ልጆቹ ቤት ተዘግቶባቸዋል» ብሎኝ ሄደ።

ሰው እንዲህ ሲደረግለት ምን ይላል? እኔ «ይህ ሁሉ እንዳለው ሊያሳየኝ ነው» አልኩ።

የትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ አመድ አሰምሬ፣ ብቻዬን እየዘለልኩ ተቀረጽኩ። ህ ላይ አልተቀመጥኩም። ቁጭ ብድግ ማለት ካሜራ ፊት የሚያምር አልመሰለኝም፤ የሱ ደረት ደግሞ የኔ ደረት አይደለም ብዬ ቀጥ ብዬ አለፍኩ። የቀረጸኝ ልጅ «ግጥምና ዜማው የማን ነው?» ሲለኝ፣ «እዚሁ ትምህርት ቤት የወጣ ነው» አልኩት። ይህ ውሸት አይደለም። ቪዲዮው ሲወጣ ግን ከሥሩ «ግጥምና ዜማ መምህርት ይታይሽ» ይላል። ያነበብኩት እንደወጣ ነው። ደውዬ ላስለውጠው ስልኩን አነሣሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት። ነገ እላለሁ አልኩ። ነገ ደግሞ ሰው እንኳን ደስ ያለሽ እያለ መደወል ጀመረ።

ማስተዋል ያኔ ሰባተኛ ክፍል ነበረች። ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው አየችና ስልኩን መለሰችልኝ።

«ይኼ የጋሼ ቢያድግ ነው።»

«እሱ ራሱ ነው የሰጠኝ።»

«ሰጥቶሽ ነው ወይስ አውሶሽ?»

ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። እሷም ከዚያ ወዲህ አልጠየቀችኝም። ቪዲዮውን ሰው ከፍቶ ሲያሳየን ግን ተነሥታ ትወጣ ነበር።

ትምህርት ሲከፈት ቢያድግልኝን እንዴት አየዋለሁ ብዬ ፈራሁ። እሱ በሩቁ እጅ ነሥቶ፣ «ደረሰች እኮ እታለም፤ እስከ ጋይንት ደርሳለች አሉ» አለኝ። ስለ ዜማዋ ነው፤ ወልዶ እንደዳረ አባት ደስ ብሎታል። «ግን» እስኪል ጠበቅሁ። አላለም። ቢሰድበኝ እንዴት ባረፍኩ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ በመምህራን ስብሰባ ላይ ስለዚያው ዜማ የምስክር ወረቀት ሲሰጠኝ ከሁሉ ቀድሞ ያጨበጨበው እሱ ነው፤ ማጨብጨቡ ሳሉን ቀሰቀሰበትና ወደ ውጪ ወጣ። እኔ ወረቀቱን ቤቴ ወስጄ ከቁም ሳጥኑ ላይ፣ ዓይን በማይደርስበት በኩል አስቀመጥኩት።

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ጎን ለጎን ሠራን። በየጠዋቱ፣ ዛሬ ለሰው ሁሉ እናገራለሁ እያልኩ እገባለሁ፤ ከግድግዳው ማዶ «ሀ ብለን ጀመርን» ሲባል ቅናቴ ይመለስና አፌን ይይዘኛል። እንዲህ እያልኩ ሰውዬው ወንዛዬ ወረደ።

ቀብሩ ላይ ከተማው ወጣ። ባጃጆቹ ከመንገዱ ዳር ተሰልፈዋል፣ ባለ ሱቆቹ ዘግተው መጥተዋል፣ መሪጌታው አርጅተው በልጃቸው ተደግፈው ቆመዋል። እኔ ስሞት ስንት ሰው ይመጣ ይሆን ብዬ ሳሰላ ራሴን ያዝኩት። ማስተዋል አጠገቤ ናት። ታለቅሳለች፤ እጄን ግን አልያዘችም።

በሰልስቱ ቤቱ ሄድኩ። ባለቤቱ እንጉዳይ ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠችና፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልኩን ከመቀነቷ አወጣች። «ይቺን ሁልጊዜ ለልጆቹ ይከፍትላቸው ነበር» አለችኝ። እኔ ነኝ ቪዲዮው ላይ፤ አመዱ ላይ እዘላለሁ። «የእትዬ ይታይሽ ዜማ ነው ይላቸዋል።»



«የኔ አይደለም እንጉዳይ» አልኩ። «የሱ ነው። ግጥሙም ዜማውም። ስሜን ጽፈውበት አይቼ ዝም አልኩ።»

አልደነገጠችም። «አጣሁት ብለው ነው?» አለችኝ። «እዚህ ጓሮ ነው እኮ የወጣች። መጀመሪያ የዘለልኩባት እኔ ነኝ፤ ያውም ነፍሰ ጡር ሆኜ።»

«ታዲያ እንዴት ዝም አላችሁ?»

«እሱ ነዋ። ልጆቹ ዘንድ ከደረሰች በማን እግር ብትሄድ ምን ቸገረሽ ይለኛል። እኔማ ዝም አላልኩም፤ ዓመት ሙሉ ተቀይሜዎት ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሲያገኙኝ ፊቴን ያዞርኩብዎ ለምን ይመስልዎታል?»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ለቅሶዬን ደረሱ» አለች፤ ስልኩን እያጠፋች። ከዚያ መቀነቷ ውስጥ እየከተተችው፣ «አንዲት ነገር ብቻ ይል ነበር» አለችኝ። «ባየው ቁጥር ራሱን ይነቀንቅና፣ እታለም ህ ላይ ሳይቆሙ አለፉ ይላል።»

ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። የገባኝ አንድ ነገር ነው፤ ይህ ሰው አንድ ቀን እንኳ በእኔ ቀንቶ አያውቅም። ከደጁ ስወጣ የቀናሁበት በዚህ ነው፤ ባለመቅናቱ።

በዚያው ዕለት በመምህራኑና በወላጆቹ የስልክ ግሩፕ ላይ ጻፍኩ። ዜማው የመምህር ቢያድግልኝ ነው፣ የተሸለምኩበትም የሱ ነው፣ እስከ ዛሬ የደበቅሁ እኔ ነኝ አልኩ። የመጣልኝን መልስ ስሙልኝ፤ «ትሕትናዎ ያስደንቃል»፣ «ለሟች ያለዎት ክብር ይገርማል»፣ «እንደ እርስዎ ያለ ባልደረባ ያብዛልን»። እውነቱን ተናግሬም ተመሰገንኩበት። ማስተዋል ብቻ፣ እዚያው ቤት ውስጥ ሆና፣ ከጓዳ ብቅ ብላ «ዘገየሽ እማ» አለችኝ። ያመንኩት የሷን ነው።

ሰኞ ርዕሰ መምህሩ ምትክ መምህር እስኪመጣ የ«ለ» ክፍልን ልጆች ወደ እኔ አስገባቸው። አሥራ አራት ዓመት ስመኝ የኖርኩት ይህን ነበር፤ ልጆቹ ሁሉ የኔ እንዲሆኑ። ደብተራቸውን ይዘው ገቡና በየዴስኩ ተጣበው ተቀመጡ፤ ሁሉም ዘንጌን ያያሉ። ከግድግዳው ማዶ ድምፅ የለም። ዘንጉን ከበሩ ኋላ አቆምኩና በቆርቆሮ አመድ ይዤ ሁሉንም አስከትዬ ወጣሁ።

መስመሬ ተጣመመ።  ጫማዬን ሳወልቅ መሬቱ እስከ ጉልበቴ ቀዘቀዘኝ።

«ይህ የጋሼ ቢያድግ ዜማ ነው» አልኳቸው።

«አይደለም፣ የእርስዎ ነው» አሉ የ«ለ» ክፍሎቹ። «ጋሼ ነግረውናል።»

«ጋሼ ተሳስተው ነው።»

ከሱ ልጆች አሥሩን ጎን ለጎን አሰልፌ ጀመርኩ። ዘለልን፣ ሄድን፣ ሳቅን፣ ተጣራን። ህን እንደ ቪዲዮዬ ቀጥ ብዬ አለፍኩና ሆ ላይ ስደርስ ብቻዬን ነኝ። ዞር ስል ልጆቹ ህ ላይ ቁጭ ብለዋል።

«ምነው ቀራችሁ?» አልኩ።

«አልደረሰችማ» አለኝ አንደኛው፣ ወደ ኋላው እንኳ ሳያይ።

ሰዓዳን ያየኋት ያኔ ነው። የጨርቅ ነጋዴው ልጅ ናት፤ አንድ እግሯ ከተወለደች ጀምሮ አይታዘዛትም። ገና ሂ ላይ ናት። የማይታዘዛትን እግሯን በእጇ እያነሣች ወደ ሃ ተሻገረች፤ እዚያ ስትደርስ ቆማ፣ ሳቁን ሳታስቀር፣ ብቻዋን ሳቀች። ማንም አላጣደፋትም። ሄ ላይ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ተጣራች። ዘጠኙ ልጆች ከህ ሆነው በአንድ ድምፅ «አቤት» አሏት። ደርሳ ከመካከላቸው ቁጭ አለችና ሁሉም በአንድነት ተነፈሱ።

ለደረቱ አልነበረም። ያን ሁሉ ዓመት ከመስኮቴ ያየሁት፣ ከደብተሩ የገለበጥኩት፣ በሽልማት የተቀበልኩት ዜማ ውስጥ የመጨረሻዋ ልጅ እስክትደርስ የሚጠበቅበት ቦታ ነበረ። እኔ የቆረጥኩት እሱን ነው። እስከ ጋይንት የሄደው ያ የተቆረጠው ነው።

ልጆቹ ቀና ብለው ያዩኝ ጀመር። ይነሣሉ ብዬ ስጠብቅ አልተነሡም።

«ይመለሱ እንጂ ቲቸር» አለችኝ ሰዓዳ፣ ገና ትንፋሿ ሳይመለስ። «ሆ ለብቻ አይባልም።»

ተመለስኩ። ለቦታው ጠጋ ጠጋ አሉልኝ፤ በአመዱ ላይ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። አሥራ አራት ዓመት የቀናሁበትን ነገር ከቅርብ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሰዓዳ ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቅናትና ሆ አልን።